ሁለተኛው ዙር፦ ነአኩቶ ለአብ ዙፋኑን ስንት ጊዜ ለቀቀ?

እንናዘዝ። ይህን ክረምት መጽሐፍ በማንበብ አላሳለፍነውም። ተማሪ ሳለን ሌሊት ሌሊት እየተጫወትን ፈተና ያበላሸንበትን ሲቪላይዜሽን ስድስትን ደግመን ከፍተን ነው የከረምነው። ያኔ ቀላሉን ደረጃ ነበር የምንነካካው። አሁን ግን «አዋቂ ሆነናል» ብለን የመጨረሻውን ከባድ ደረጃ፣ ዲይቲን መረጥን። ጌሙን ለማታውቁት፣ እንደ ሰንጠረዥ ተራ በተራ የሚሄድ ነው። አገር ትመሠርታላችሁ፣ ከተማ ትተክላላችሁ፣ ተራችሁን ትጨርሱና ሌላው እስኪንቀሳቀስ ትጠብቃላችሁ። ዲይቲ ላይ እናንተ በአንድ ሰፋሪ ስትጀምሩ ኮምፒውተሩ በ3 ይጀምራል። ገና ሳትንቀሳቀሱ ተቀድማችኋል ማለት ነው።

የመረጥነው መሪ ምኒልክን ነው (ማንን እንመርጥ ኖሯል?)። ኢትዮጵያ በአምስተኛው ሲቪላይዜሽን በ2004 ዓ.ም. ስትገባ መሪዋ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። በስድስተኛው ደግሞ ሐምሌ 2012 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር ተመለሰች። ከእሷ በቀር ማንም የማይሠራው ልዩ ግንባታዋም ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ላሊበላ! መጀመሪያ ስናየው ከወንበራችን ተነስተን ጮኸናል። ላስታን እነ አሜሪካና ሮም በሚርመሰመሱበት ካርታ ላይ ማየት ቀላል ነገር አልነበረም።

ሁለተኛ ጊዜ ሲጫወቱት ግን ጩኸቱ የለም፣ ሒሳብ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በዙሪያው ባለው ተራራና ኮረብታ ልክ የእምነት ነጥብ ይሰጣል። ምኒልክ ደግሞ ኮረብታ ላይ ከተተከለ ከተማ የእምነቱን 15 በመቶ ያህል በሳይንስና በባህል ያገኛል። ስለዚህ ሜዳ ትጠላላችሁ፣ ገደል ትወዳላችሁ። ከላስታ ሰው ጋር የሚያስማማ ጠባይ ነው። ግን አንዱን ቤተ ክርስቲያን ከሌላው አጠገብ መሥራት በጌሙ ክልክል ነው። እውነተኛው ላሊበላ ላይ 11ዱ ተጠጋግተው፣ በቦይና በዋሻ መንገድ እየተያያዙ መቆማቸውን ላየ ሰው ይህ ሕግ ያስቃል። ደግሞ ሠራተኛው በአንድ ተራ ይጨርሰዋል፤ ትውፊቱ ግን መላእክት በሌሊት እያገዙ እንኳ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ ነው የሚለው።

ይህን ሁሉ የምናወራው ወደ አንድ ሰው ልንመጣ ነው። ከላሊበላ ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሲወርዱ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ በገደል ሥር የነአኩቶ ለአብ ገዳም አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ከአለት የተፈለፈለ አይደለም፣ በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ የተገነባ ነው። ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ በድንጋይ ገበታ ይጠራቀምና ጠበል ይሆናል። ስሙ «አብን እናመስግነው» ማለት ነው። የላሊበላ የወንድም ልጅ፣ የዛጉዌ ንጉሥ፣ ቅዱስ። በየትኛውም ጌም ውስጥ መሪ ሆኖ አላየነውም፤ ብናየውም ምን ዓይነት መሪ ይሆን ነበር ብለን አስበናል። ምክንያቱም ትውፊት ስለሱ ደጋግሞ የሚያስታውሰው ዙፋን መልቀቁን ነው።

የመጀመሪያው ታሪክ እንዲህ ይላል። ላሊበላ በሕይወት ሳለ መንግሥቱን ለወንድሙ ልጅ ለቀቀ። 18 ወር አለፈ። የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች የአንድ ድሃ ገበሬ ያለችውን አንዲት ላም ወሰዱበት። ንግሥት መስቀል ክብራ ይህን ብታይ ባሏን «ተመለስ» አለችው፤ ላሊበላም ተመለሰ። በጌም ቋንቋ፣ ሴቭ የተደረገው እንደገና ተከፈተ ማለት ነው። በአንዲት ላም ምክንያት!

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ ይኸው ነአኩቶ ለአብ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አስታራቂነት መንግሥቱን በፈቃዱ ለይኩኖ አምላክ፣ ማለትም ለሰሎሞናውያኑ አስረከበ ይላል። አንድ ሰው፣ ሁለት ርክክብ፣ ጠብታ ደም የለም።

ጋዜጠኝነት ስንማር «ማን ነገረህ? ሲነግርህስ ምን ይጠቀማል?» የሚለው ጥያቄ ሰልችቶን ነበር። በሁለተኛው ዙር ግን ሳንወድ እሱኑ ይዘን ገባን። የዛጉዌ ነገሥታት ገድሎች የተጻፉት ነገሥታቱ ካለፉ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በአሸናፊዎቹ ሰሎሞናውያን ዘመን ነው። ክብረ ነገሥት ዛጉዌዎቹን ከእስራኤል ወገን ያልሆኑ ነው የሚላቸው። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ስለ ላሟ ታሪክ ጠርጥረዋል። ከትውፊቱ ጀርባ ነአኩቶ ለአብ ለአጭር ጊዜ ሥልጣኑን ነጥቆ፣ በኋላ የላሊበላ ልጅ ይትባረክ መልሶ ሳይነጥቀው አልቀረም ባይ ናቸው። ስለ 1270 (እ.ኤ.አ.) የሚነግሩን ነገርም ርክክብ አይመስልም። ይኩኖ አምላክ የመጨረሻውን የዛጉዌ ንጉሥ እስከ ጋይንት አሳዶ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገደለው። የተገደለው በምንጮቹ «ዘኢልመክኑን» ነው የሚባለው፤ የተሰወረው፣ የማይታወቀው እንደማለት። ይትባረክ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ ታደሰ። ስሙን ሆን ብለው ነው የደበቁት።

የድሮ ሰንጠረዣችንን አስታወሰን። በዚያ ጨዋታ አጀማመሩ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተጫዋች እኩል፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። አጨራረሱ ላይ ደግሞ ማሸነፍ ብቻውን አያስከብርም፣ እንዴት አሸነፍክ ነው ነገሩ። ንጉሡን በፈረስ መያዝ እንደ ርካሽ ድል ይታያል፤ በደካሞቹ ጠጠሮች መያዝ ግን ያስጨበጭባል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ንጉሥ መግደል ርካሽ ድል ነው። በመነኩሴ አማላጅነት ከቅዱስ እጅ ዘውድ መቀበል ግን… ማን ይነቅፈዋል?

(ለነአኩቶ ለአብ ቅድስና ክብር የላቸውም እንዳትሉን። ቅድስናውን አይደለም የጠየቅነው፣ ቅድስናው ማንን እንዲያገለግል እንደተደረገ ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ላሊበላና ነአኩቶ ለአብ ከተሸነፈ ሥርወ መንግሥት የወጡ ቅዱሳን መሆናቸው ራሱ ላስታ በቀላሉ ከታሪክ እንዳልተሰረዘ ያሳያል።)

አልተሰረዘም ስንል ደግሞ በምክንያት ነው። የዋግ ገዢዎች፣ ዋግሹሞቹ፣ ዘራቸውን ከዛጉዌ ይቆጥሩ ነበር። ከ1270 ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በ1868 (እ.ኤ.አ.)፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ሦስት ዓመት ቆዩ። በ1871 አድዋ አጠገብ በደጃች ካሳ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት ተሸነፉ። ይህ ሁለተኛ ዙር በትምህርት ቤት መጽሐፋችን ከአንድ አንቀጽ አላለፈም።

ላሟ ግን ከሁሉ በላይ አልለቀቀችንም። ታሪኩ ተፈጥሮም ከሆነ የፈጠረው ሰው ንጉሥን ከዙፋን የሚያወርድ ምን በቂ ምክንያት እንዳለ አስቦ «አንዲት ላም» ብሎ መልሷል። ጦርነት አላለም፣ ክህደት አላለም። አድማጩ ያምነኛል ብሎ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደርሶ ከተማዋ እስከ 2014 ታኅሣሥ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር፣ በክልሉ ከገበሬ የተዘረፈና የታረደ ከብት የመብት ድርጅቶች ሪፖርት ውስጥ ገብቷል። በዚያ ምክንያት «ተመለስ» የተባለ የለም።

ወደ ጌማችን። ሲቪላይዜሽን ውስጥ ከዙፋን የሚወርዱበት በተን አለ፤ ሲጫኑት የሽንፈት ገጽ ይመጣል። ገድሉ ለዚያው ድርጊት አክሊል ነበር የሚሰጠው። ከብትም አለ። ካርታው ላይ ሣር ሜዳ መካከል ቆሞ ይታያል፣ ባለቤት የለውም። በረት ብትሠሩለት በየተራው ምግብ ይሰጣል፤ ካጣደፋችሁ ግን ሠራተኛ ልካችሁ አንድ ጊዜ ትሰበስቡታላችሁ፣ ከካርታው ይጠፋል፣ ከተማችሁም በአንዴ ያድጋል።

ሁለተኛው ዙር 140ኛው ተራ ላይ ተሸንፈን አለቀ። ትናንት ማታ ሦስተኛውን ጀመርን። ሁለተኛ ከተማችንን ኮረብታ ላይ ተከልን፣ ከሥሩ ከብት ነበር። ጎረቤታችን ጦሩን ድንበር ላይ አሰልፏል። ትንሽ አመነታን፣ እርስ በርስ ተያየን፣ ከዚያ ሰበሰብነው።