በራያ ቆላ የጎረቤት ፍርድ

ፍርድ በዳኛ ወንበር ላይ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። ድኻው የሚገባውን ሳያጣ እንዲኖር የሚያደርግ ሥራ ሁሉ ፍርድ ነው። ይህም በቆቦና በራያ ቆላ ታሪክ ተገልጦ ይታያል።

ቆቦ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው ጐዳና፥ በወልድያና በአላማጣ መካከል ያለች ከተማ ናት። አገሩ ሜዳ ነው፤ ማሽላ ያበቅላል። ዝናሙ ግን የማይታመን ስለ ሆነ፥ ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ወደ እርሻው ይመራዋል። ጎርፍ ድንገት መጥቶ ፈጥኖ ያልፋልና፥ ቦዩን በጊዜው ያልጠረገ ሰው ውሃው ያመልጠዋል። ጠረጋውም የብዙ ሰው ጉልበት ይሻል። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ሴት፥ ሽማግሌውና በሽተኛው፥ መሬት ሳላቸው ውሃ ሊያጡ ይችላሉ።

ለዚህ የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ መድኃኒት አለው። በሬና ጉልበት ላጣ ሰው በደቦ ያርሱለታል። በቅሬ እስላሙና ክርስቲያኑ አንድ ሆኖ ሬሳ ይቀብራል፤ ሐዘንተኛ ያጽናናል። በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ደግሞ ሰንበቴ የገቡ ምእመናን በየተራ እንጀራና ጠላ ያመጣሉ፤ ከዚያም ድኻው ይመገባል። ለዚህ ሁሉ ደመወዝ የሚከፈለው የለም።

ነገር ግን ይህ ልማድ ወሰን አለው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ በጸና ጊዜ፥ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያካፍለውን አጣ። ገበሬው አስቀድሞ ከብቱን ሸጠ፤ በመጨረሻም ወደ ጐዳናው ወጣ። የዚያን ጊዜ መንግሥት ነገሩን ሊሸሽግ መሞከሩ ጥፋቱን አበዛው። የሞተው ሰው እንደ ልዩ ልዩ ጸሐፊዎች ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1972 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና የተራድኦ ክፍሏን አቋቁማ ነበር፤ በ1973ም ክርስቲያናዊ የረድኤት ድርጅቶች ሥራቸውን የሚያስተባብር ማኅበር አቆሙ። በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ተመለሰ። ጥቅምት 13 ቀን የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከቆቦ በስተ ሰሜን፥ በተራራው ላይ ካለችው ከኮረም ያመጣውን ሥዕል ባሳየ ጊዜ ዓለም ሁሉ ለርዳታ ተነሣ።

ከሁለቱም ዘመን የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በመንገድ ዳር የሚሰፈር እህል ነፍስ ያድናል፤ የተሸጠውን በሬና የተበላውን ዘር ግን አይመልስም። ረኃብተኛው ከጐዳና ሲደርስ፥ ገበሬ ያሰኘው ነገር ሁሉ ከእጁ ወጥቷል። ስለዚህ ምጽዋት ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነ፥ ፍርድ ሊቀድመው ይገባል። ፍርዱም በሬ ማበደር፥ ዘር ማካፈል፥ የመበለቲቱን ቦይ ጠርጎ የውሃ ተራዋን ማስጠበቅ ነው።

በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ የተቈጠሩት ሥራዎች በእግር ተሄዶ በእጅ የሚሠሩ ናቸው። እንግዲህ የሰንበቴው ካህን እንጀራው ሳይቈረስ አስቀድሞ፥ የማን መሬት እንዳልታረሰ፥ የማንስ ቦይ እንዳልተጠረገ ማኅበርተኛውን ቢጠይቅ፥ የብዙ ሰው እግር ወደ ጐዳና ከመውጣት ይድናል።