የስልባቦት አይብ ቅብ፦ ለ«ክሬም ቺዝ ፍሮስቲንግ» የሚገባው ስም

በናይሮቢ ዌስትላንድስ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 በተከፈተው ሳሪት ሴንተርም ሆነ በዙሪያው ባሉ የገበያ ማዕከላት፣ የወተት ውጤቶች በሚደረደሩበት ማቀዝቀዣ ፊት የሚቆም አማርኛ ተናጋሪ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ጎን ለጎን ያገኛል። ኬንያውያን «ማላ» የሚሉት እርጎ አለ። በአጎራባቹ ፓርክላንድስ በሕንዳውያን ቤቶች የሚወደደው የፓኒር አይብ አለ። ቅቤም አለ። በነዚህ መካከል «ክሬም ቺዝ» የሚል ስም የተጻፈበት ነጭ፣ ልስልስ ያለ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል አይብ ይገኛል። ይህ አይብ ከቅቤና ከዱቄት ስኳር ጋር ተመትቶ በካሮት ኬክ ወይም በቀዩ «ሬድ ቬልቬት» ኬክ ላይ ሲቀባ እንግሊዝኛው «ክሬም ቺዝ ፍሮስቲንግ» ይለዋል። በአማርኛ እስካሁን የረጋ ስም የለውም። እዚህ የማቀርበው ስም «የስልባቦት አይብ ቅብ» ነው። የምከራከርለትም በአንድ ምክንያት ነው፦ የወጥ ቤት ስም ግብዓቱን ካልተናገረ ሰው የማይሆን ነገር ገዝቶ ይገባል፣ ኬኩም ይበላሻል።

ከመጨረሻው ቃል ልጀምር። «ፍሮስቲንግ» አሜሪካውያን የሚመርጡት ነው፤ የእንግሊዝን አጠራር የወረሱት ኬንያውያን «አይሲንግ» ይላሉ። የመጀመሪያው ከውርጭ፣ ሁለተኛው ከበረዶ የተቀዳ ነው። ሁለቱንም ቃል በቃል መመለስ አያዋጣም። ለመንዝ ገበሬ ውርጭ ማለት በአንድ ሌሊት ባቄላውንና ገብሱን አክስሎ የሚያድር መቅሠፍት ነው፤ የልደት ኬክ በዚህ ስም ሊጠራ አይገባም። የአዲስ አበባ ኬክ ቤቶች በበኩላቸው «ክሬም» ብለው ይገላገላሉ። ይህ አጠራር ሥር የሰደደ ስለሆነ ብዙዎች «ክሬም ካልነው ምን ጎደለ?» ይላሉ። የጎደለው ልዩነት ነው። በማርጋሪን ወይም በቅቤ የተመታው ክሬም ነው፣ ከወተት ላይ ተገፎ የተመታው ክሬም ነው፣ በእንቁላልና በወተት እሳት ላይ የበሰለው ክሬም ነው፣ ፊት ላይ የሚቀባውም ክሬም ነው። አራት ነገር የሚጠራ ስም ለጋጋሪው ምንም አይነግረውም። «ቅብ» ግን ሥራውን በትክክል ይገልጻል። «ወርቅ ቅብ» ስንል በላዩ የተለቀለቀውን ማለታችን ነው። ከዚህም በላይ ቃሉ ከቅባትና ከቅቤ ጋር የአንድ ግንድ ልጅ ነው፤ የግዕዙ «ቅብእ» ዘይትንም ቅቤንም ይጠራል። በስብ ለሚሠራና በላይ ለሚቀባ ነገር ከዚህ የቀረበ ቃል አላገኘሁም። «ልባስ» የሚሉም አሉ። መልካም ቃል ነው፤ ግን በመዳመጫ ተዳምጦ እንደ ጨርቅ ኬኩን ለሚያለብሰው ፎንዳንት ቢቀመጥ ይሻላል።

ዋናው ጉዳይ አይቡ ነው። «ክሬም ቺዝ»ን በደፈናው «አይብ» ብሎ መመለስ ቀላል ይመስላል፤ የሚያስከትለው ስሕተት ግን ትልቅ ነው። የእኛ አይብ የሚሠራው ወተቱ ረግቶ፣ ተንጦ፣ ቅቤው ከወጣለት በኋላ በቀረው አሬራ ነው። አሬራው በዝግታ ሲሞቅ ነጩ ይቋጠርና ከአጓቱ ይለያል። አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1988 በኢትዮጵያ ልምድ ላይ ተመሥርቶ ያሳተመው የገጠር ወተት አያያዝ መመሪያ ይህን አሠራር መዝግቦታል። ሙቀቱ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢለዋወጥ የአይቡ ይዘት ብዙ እንደማይለወጥ፣ ከአይቡም ወደ 79 በመቶው ውሃ፣ ወደ 15 በመቶው ፕሮቲን፣ 2 በመቶ የማይሞላው ስብ እንደሆነ ይገልጻል። (ያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1994 ናይሮቢ ከነበረው የእንስሳት በሽታዎች ምርምር ተቋም ጋር ተዋሕዶ የዛሬው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ሆኗል። ዋና መሥሪያ ቤቱም ከዌስትላንድስ በዋያኪ ጎዳና ወደ ምዕራብ ሲወጡ ኡቲሩ ላይ ይገኛል። ስለ አይባችን በጥንቃቄ የጻፈው ተቋም ወራሽ የዌስትላንድስ ጎረቤት መሆኑ ደስ ያሰኛል።)

ክሬም ቺዝ የዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በኒው ዮርክ ግዛት ቼስተር በምትባል ከተማ ዊልያም ሎውረንስ የተባለ የወተት ነጋዴ ኑሻቴል የተሰኘውን የፈረንሳይ አይብ ይሠራ ነበር። በወተቱ ላይ ተጨማሪ ስልባቦት ሲያደርግበት የወጣለት ወፍራሙ አይብ ነው ክሬም ቺዝ የተባለው። «ፊላደልፊያ» የሚለው የንግድ ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ዛሬ በአሜሪካ ሕግ በዚህ ስም የሚሸጥ አይብ ቢያንስ 33 በመቶ ስብ ሊኖረው ግድ ነው፤ ውሃው ከ55 በመቶ መብለጥ የለበትም። እንግዲህ የእኛው አይብ ስቡ ከወጣለት ወተት፣ ይኸኛው ስብ ከተጨመረበት ወተት የተገኘ ነው። ስሙ ይህን ልዩነት ካልያዘ ዌስትላንድስ ያለች እናት የምግብ አሠራሩን በስልክ ለባሕር ዳር እህቷ ስትነግራት እህትየው ከገበያ የአሬራ አይብ ገዝታ ከቅቤና ከስኳር ጋር ትመታዋለች። የምታገኘው አሸዋማ፣ ውሃ የሚያቀርር ነገር ነው። ጥፋቱ የእጇ አይደለም። በሙቀት የተቋጠረ ፕሮቲን የቱንም ያህል ቢመታ ቅንጣቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ አየር አቅፎ የሚይዝ በቂ ስብም የለውም።

«ስልባቦት»ን የመረጥሁት ለዚህ ነው። ወተት ሲቀመጥ ከላይ የሚንሳፈፈው ስብ ያዘል ክፍል ስሙ ይኸው ነው። የሚቀርበው መቃወሚያ ደግሞ ተገቢ ነው፤ ከተማ ያደጉ ልጆች ቃሉን ብዙም አይሰሙትም፣ የሚሰሙትም የፈላ ወተት ላይ የሚጋገረውን ስስ ሽፋን ብቻ አድርገው ያስቡታል። የመጀመሪያው ችግር በመናገር የሚቀረፍ ነው፤ የተረሳ ቃል ከባዕድ ቃል በቀለለ ሁኔታ ይለመዳል። ለሁለተኛው መልሱ ከፓርክላንድስ ጎረቤቶቻችን ዘንድ አለ። ሕንዳውያኑ «ማላይ» የሚሉት ቃል የፈላ ወተት ሽፋንንም ወፍራሙን የወተት ስብም ይጠራል፣ ማንም አይደናገርም። ያው ሽፋን ራሱ ስብ የበዛበት የወተት ክፍል ነውና አማርኛውም ሁለቱን ቢሸከም አይከብደውም። እንዲያውም ስልባቦቱ የተገፈፈለትን ወተትና ያልተገፈፈለትን ለመለየት አማርኛ ተናጋሪ ሌላ ቃል ፍለጋ አይሄድም።

የቀረው የቅቡ ጠባይ ነው። እንግሊዝኛው «ፍላፊ» የሚለውን አማርኛ ያለ ጭንቀት ይመልሰዋል፦ ኩፍ ያለ። ሊጥ ኩፍ የሚለው እርሾው በሚያወጣው ጋዝ ነው። ቅቡ ኩፍ የሚለው በመምቻው በሚገባለት አየር ነው፤ ያንን አየር አቅፎ የሚይዘው ደግሞ ስቡ ነው። እዚህ ላይ ግሦቻችንን መጠበቅ ይበጃል። እንቁላል ይመታል፣ ወተት ይናጣል። መምታት አየር ያስገባል፣ መናጥ ስብን ከውሃ ይለያል። ቅቡ የሚፈልገው መመታትን ነው፤ ሲበዛበት ግን መናጥ ይሆንና ይለያያል። ስለዚህ ውሃ አቅርሮ የተበላሸን ቅብ «ተናጠ» ብንለው የሆነውን ነገር በአንድ ቃል ተናገርን ማለት ነው።

አሠራሩም ከዚሁ ይከተላል። 225 ግራም የስልባቦት አይብ፣ 115 ግራም ጨው የሌለው ቅቤ፣ 250 ግራም የተነፋ ዱቄት ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላ ለአንድ መካከለኛ ኬክ ይበቃል። ብዙ መመሪያዎች አይቡንና ቅቤውን አብሮ ማለስለስን ያዝዛሉ። እኔ ግን ቅቤው ብቻውን ከስኳሩ ጋር ነጣ እስኪልና ኩፍ እስኪል አራት አምስት ደቂቃ ቢመታ፣ አይቡ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በቁራጭ በቁራጭ መጨረሻ ላይ ቢገባና ልክ ሲዋሐድ ቢቆም ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቱ ውሃው ነው። የአይቡ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ ያንን ውሃ አስሮ የያዘው ስስ የፕሮቲን መረብ ብዙ ሲመታ ይበጣጠሳል። ስኳሩ ደግሞ የተለቀቀውን ውሃ እየሳበ ወደ ሽሮፕነት ይለወጣል። ስኳሩ አስቀድሞ በቅቤው ስብ ከተለበጠ ግን ውሃውን በቶሎ አያገኘውም። ቅቡ የቀጠነበት ሰው ስኳር የሚጨምረው እንዲጠብቅ ብሎ ነው። ለጊዜው የጠበቀ ይመስላል፤ ስኳሩ ሲሟሟ ግን ተመልሶ ይቀጥናል፣ ጣፋጭነቱም አይቡን ያፍነዋል። የቀጠነ ቅብ የሚሻው ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ነው።

ቅቤው አየር የሚይዘው ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው፤ ጣት ሲጫነው ይሰረጉዳል፣ አይወዛም። የምግብ መጻሕፍት «በክፍሉ ሙቀት የለሰለሰ ቅቤ» ሲሉ የራሳቸውን አገር ክፍል ይዘው ነው። ናይሮቢ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በሐምሌ ማለዳው ወደ 12 ዲግሪ ይወርዳል፤ የየካቲት ከሰዓት ደግሞ ከ26 ያልፋል። በሐምሌ ሌሊቱን ጠረጴዛ ላይ ያደረ ቅቤ ለመመታት ገና ጠጣር ነው፤ በየካቲት በአንድ ሰዓት ውስጥ መወዛት ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ጣትን ማመን ይሻላል። ከፍታው ራሱ ግን ለኬኩ አነሳስ እንጂ ለቅቡ ይህን ያህል የሚያሳስብ አይደለም።

ከዚህም የቀለለ የሚፈልግ ሰው ቅቤውን ትቶ ፈሳሽ ስልባቦት ይጠቀም። 225 ግራም አይብ ከ100 ግራም ዱቄት ስኳር ጋር የጓጎለው እስኪጠፋ ብቻ ይመታል። ከዚያ 35 በመቶ ገደማ ስብ ያለው 250 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ስልባቦት በቀስታ እየተንቆረቆረ ይመታል፤ መምቻው ዱካ መተው ሲጀምር ይቆማል። ይህኛው በጣም ኩፍ ይላል፣ ስኳሩም ከግማሽ በታች ነው። ሙቀትን ግን ከቅቤው ያነሰ ይችላል፤ ለረጅም መንገድ ወይም ውጭ ለሚደረግ ድግስ አይሆንም።

የመጨረሻው መቃወሚያ ከኪስ የሚነሣ ነው። የስልባቦት አይብ ውድ ነው፣ በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞችም በቀላሉ አይገኝም፤ ታዲያ በእጅ ባለው አይብ ቢሠራ ምን አለበት? ምንም የለበትም። በደንብ የጠነፈፈና በመፍጫ የላመ አይብ ከማርና ከለጋ ቅቤ ጋር ተዋሕዶ ለዳቦ ጥሩ ማባያ ይሆናል። ስሙ ግን «የአይብ ቅብ» ይሁን፤ «የስልባቦት» የሚለው ቃል ሲቀር የተለየ ነገር መሆኑ ይታወቃል። ወደ ዋናው የሚቀርበው ምትክ ስልባቦቱ ካልተገፈፈ ወተት የረጋ እርጎ በንጹሕ ሻሽ ተቋጥሮ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮ፣ አጓቱ የወጣለት ነው። በሙቀት ስላልተቋጠረ ልስልስ ይላል። ስቡ ስለሚያንስ ግን የቅቤው ድርሻ ከፍ ሊል ይገባል። ለጾም ይህ ሁሉ አይሆንም፤ የጾም ኬክ ሌላ ቅብ፣ ሌላ ስም ይፈልጋል።

ዌስትላንድስ ውስጥ ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይቀራል። በወረቀት ተጠቅልሎ በጡብ መልክ የሚሸጠውና ለዳቦ እንዲቀባ ታስቦ በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ሲበዛ ቀጠን ያለና ውሃ የበዛበት ነው። ያለው እሱ ብቻ ከሆነ በሻሽ ጠቅልሎ አንድ ሰዓት ያህል ማጠንፈፍ፣ ከጀርባው የተጻፈውን የስብ መጠንም አይቶ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋውን መምረጥ ይረዳል። የተቀባው ኬክ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ኬንያውያን «ስቲማ» የሚሉት የኤሌክትሪክ ኃይል በጠፋበት ቀን ማቀዝቀዣው ሳይከፈት ቢቆይ ለቅቡም ለሌላውም ምግብ ይበጃል።