ከዶላር 15 ሳንቲም፦ የጡረታ ገንዘብ ሲጎድል ማን ይከፍላል?

ባለፈው እሁድ ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ደወለችልኝ። አሁን ፋብሪካ ተቀጥራለች። "ቲቸር፣ በየወሩ ከደመወዜ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል። ሳረጅ ብሩ ባይኖርስ?" አለችኝ። ከእኔም ያው 7 በመቶ ስለሚቆረጥ ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። የታሪክ መምህር ነኝና በታሪክ ልመልስላት። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት፣ ሳውዝ ቤንድ ከተማ። ስቱድቤከር የሚባለው ድርጅት በ1852 ጋሪ በመሥራት ጀመረ፣ ኋላ መኪና አምራች ሆነ። በዲሴምበር 1963 የሳውዝ ቤንድ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ሠራተኞቹ ጡረታ ነበራቸው፣ በወረቀት ላይ። ውሉ ሲፈረም የቀድሞ አገልግሎታቸው ጭምር ተቆጥሮላቸዋል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ገንዘብ ግን በብዙ ዓመታት ቀስ እያለ ሊሞላ ነበር የታሰበው። ሳይሞላ በሩ ተዘጋ።

ያለችውን እንዴት ተካፈሏት? ጡረታ የወጡትና 60 ዓመት የሞላቸው፣ 3,600 ያህል ሰዎች፣ ሙሉውን አገኙ። ከ40 እስከ 59 ዓመት የሆኑትና 10 ዓመት ያገለገሉት፣ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች፣ ከተገባላቸው ከአንዱ ዶላር 15 ሳንቲም ገደማ ደረሳቸው። 2,900 የሚሆኑት ደግሞ ምንም አላገኙም። 59 ዓመት ሆኖት ዕድሜውን እዚያ የጨረሰ ሰው፣ በአንድ ዓመት ልዩነት ሙሉ ጡረታ አመለጠው።

ይህን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ሕጉ የመጣው ከ11 ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በሴፕቴምበር 1974 ፈረሙት። አሠሪ ለገባው ቃል ገንዘቡን አስቀድሞ እንዲያስቀምጥ አስገደደ። ፈንዶች ዓረቦን የሚከፍሉበት፣ ፈንድ ሲወድቅ የሚደርስ የመንግሥት ዋስትና ድርጅትም ተቋቋመ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ብዙ አሠሪዎች በጋራ የሚያዋጡባቸው ፈንዶች ነበሩ፤ ትልቁ ምሳሌ የጭነት መኪና ሾፌሮች ፈንድ፣ ሴንትራል ስቴትስ ነው። በ1980 የጭነት ትራንስፖርት ለውድድር ሲከፈት ብዙ ኩባንያዎች እየተዘጉ ሄዱ። አዋጪው እየቀነሰ ቀባሪ የሚፈልገው የበዛበትን እድር አስቡ፤ ልክ እንደዚያ ሆነ። ዋስትናው ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ፈንድ ትንሽ ነው፦ 30 ዓመት ላገለገለ ሰው ቢበዛ በዓመት 12,870 ዶላር።

እንግዲህ መውጫው ምንድን ነው? መንገዶቹ አራት ነበሩ።

አንደኛ፣ መዋጮ መጨመር። የቀሩት ጥቂት ኩባንያዎች ግን ሸክሙ ሲከብድባቸው እነሱም ይወጣሉ።

ሁለተኛ፣ የጡረተኛውን አበል መቁረጥ። በ2014 የወጣ ሕግ ይህን ፈቀደ። ሴንትራል ስቴትስ ማመልከቻ አስገባ፤ አንዳንዱ ሽማግሌ ግማሹንና ከዚያ በላይ ሊያጣ ነበር። ጡረተኞቹ ጮኹ፣ የአገሪቱ ግምጃ ቤትም በ2016 ማመልከቻውን ውድቅ አደረገው።

ሦስተኛ፣ የረጅም ጊዜ የመንግሥት ብድር። ለአበል መክፈያ ያጣ ፈንድ ብድሩን በምን ይመልሳል?

አራተኛ፣ የማይመለስ የመንግሥት ድጎማ። በ2021 የወጣው ሕግ የመረጠው ይህንን ነው። በዲሴምበር 2022 ለሴንትራል ስቴትስ 36 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚሰጥ ተገለጸ፤ ከ350,000 በላይ ሠራተኞችና ጡረተኞች ከመቆረጥ ዳኑ።

ተቃዋሚዎች "ጡረታ የሚባል ነገር የሌለው ግብር ከፋይ ለምን የሌላውን ይከፍላል?" አሉ። እውነት ለመናገር ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኔ ግን ከአራቱ ሁሉ የሚከፋው የሽማግሌውን መቁረጥ ይመስለኛል። ኩባንያ ሌላ ሥራ ይጀምራል፣ መንግሥት ግብር ይሰበስባል፤ የ75 ዓመት ሰው ግን ተመልሶ መሪ አይጨብጥም። ድጎማው ያን ያህል የገዘፈውም ለዓመታት ሲጓተት ስለቆየ ነው።

ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት፣ የጎደለ የጡረታ ገንዘብ ዝም ስላሉት አይሞላም። መጨረሻ ላይ የሆነ ሰው ይከፍለዋል። ቀድሞ ያልተነጋገሩበት ከሆነ ደግሞ የሚከፍለው አቅም የሌለው ነው።

ስለዚህ ለተማሪዬ መልሴ ይኸው፦ ገና ወጣት ነሽ፣ ከአሁኑ ጠይቂ። የተቆረጠብሽ 7 በመቶና አሠሪሽ የሚጨምረው 11 በመቶ ገቢ መደረጉን አረጋግጪ፣ የቅጥር ወረቀትሽን በደንብ አስቀምጪ። ሳውዝ ቤንድ ያሉት ሰዎች ጥያቄውን ያነሱት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነበር።

እናንተስ ከአራቱ የቱን ትመርጡ ነበር? እስቲ ጻፉልኝ።