ስለ ሰንጋ ተራ ስምና ስለ ፋጉሎ ሻጋታ

ሰንጋ ተራ የሚለው የሰፈር ስም ትርጓሜው ግልጽ ነው። ሰንጋ ተኰላሽቶ ለዕርድ የሚቀለብ በሬ ሲሆን፥ ተራ ደግሞ አንድ ዐይነት ሸቀጥ ተሰልፎ የሚሸጥበት ስፍራ ነው። ዛሬ በዚያ የባንክ ሕንጻዎች ቆመዋል፤ ስሙ ግን የከብቱን ነገር ይዞ ቀርቷል። እኔ ልመረምር የፈለግሁት የከብቱን ቀለብ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ለሰንጋም ሆነ ለወተት ላም ማለፊያ ከሚባሉት ቀለቦች አንዱ ፋጉሎ ነው፤ ይኸውም ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ነው። ፋጉሎ እርጥበት ባለበት ስፍራ ሲከርም ይሻግታል። ከሻጋታዎቹም አንዱ አስፐርጂለስ ፍላቩስ ይባላል። የወገኑን ስም በ1729 ያወጣው የፍሎረንሱ ቄስና የዕፅዋት ሊቅ ሚኬሊ ሲሆን፥ በአጉሊ መነጽር ሲያየው ካህናት ጠበል የሚረጩበትን ዕቃ መሰለው። መርዝ ለሚያመነጭ ፍጥረት እንዲህ ያለ የተባረከ ስም መውጣቱ ያስገርማል።

መርዙ የታወቀው ግን በ1960 በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ ቱርኪ የተባሉ ታላላቅ ዶሮዎች ባለቁ ጊዜ ነው። ምክንያቱ ሲመረመር ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፤ መርዙም ከሻጋታው ስም ተውጣጥቶ አፍላቶክሲን ተባለ። ጉበትን ይጎዳል፥ የጉበት ነቀርሳም ያመጣል።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ መርዙን በሁሉም ውስጥ አገኘ። የአውሮጳ ኅብረት ከወሰነው፥ ማለት በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም፥ ያልበለጡት 9 ብቻ ነበሩ። ከመኖዎቹም የባሰው የኑግ ፋጉሎ ያለበት ነበር። ላሚቱ መርዙን በጉበቷ ለውጣ በወተቷ ታወጣዋለች፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። ስለዚህ ለልጁ ወተት የምታፈላ እናት የሚገባትን ሁሉ አድርጋ ሳለ መርዙ ይቀራል። ባለ ላሙን መውቀስም አይገባም፤ ፋጉሎው እርሱ ዘንድ እስኪደርስ በብዙ እጅና በብዙ መጋዘን ያልፋልና።

በ1977 እና በ1978 በወሎ ሌላ ፈንገስ የያዘው የሲናር ፍሬ ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ተበልቶ ነበር። የዚያ መርዝ የሰውን እጅና እግር እያደረቀ ስለሚቈርጥ ሐኪሞች ደርሰው መዘገቡት። የፋጉሎው መርዝ ግን በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሠራ፥ በወተቱም መልክና ጣዕም የማይታወቅ ነውና፥ በከተማችን የተመዘገበው በሕመምተኛ ሰው ላይ ሳይሆን በቤተ ሙከራ ጠርሙስ ውስጥ ነው።