አንዲት ጽድ እና አርባ ከመቶ

በአገራችን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ በቃሉ የያዘው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት 40 ከመቶው በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው ነው። ተከታዩም የታወቀ ነው፤ ደኑ ወደ 16 ከመቶ፣ ቀጥሎም ወደ 3 ከመቶ ወረደ፣ ጥፋተኛውም መጥረቢያ የያዘው ገበሬ ነው። እኔም ለፈተና ሸምድጄ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። በጊዜው ማንም ያልጠየቀኝ፣ እኔም ያልጠየቅሁት ጥያቄ ግን አለ፤ 40 ከመቶውን የለካው ማን ነው?

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማበር ሲኬድ፣ ጉዶ በረት አካባቢ አንዲት ጽድ የሚባል ሥፍራ ይገኛል። ስሙን ሰምቶ «ድሮ የጽድ ደን ነበር፤ የተረፈችው አንዲት ብቻ ሆነችና አገሩ በስሟ ተጠራ» የሚል ይኖራል። ሌላው ደግሞ «ጽድ ብርቅ በሆነበት ብርዳማ ደጋ አንዲት ዛፍ በመታየቷ ምልክት ሆነች» ይላል። ሁለቱም ከአንድ ስም ተነሥተው ሁለት ተቃራኒ ታሪክ ይጽፋሉ። የደን ታሪካችን በብዛት የተጻፈው በዚህ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው ትርጓሜ የመንግሥት ማኅተም ማግኘቱ ብቻ ነው።

ከዚያ አልፎ ወደ ሞላሌ የሚወጣ መንገደኛ የሚያየው የመንዝ አምባ ይታወቃል። ገብስ፣ በግ፣ የድንጋይ ቤት፣ በየግድግዳው የተለጠፈ ኩበት፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥቂት ጽድ፣ በየጓሮውም ባሕር ዛፍ። ከአዲስ አበባ የመጣ የተማረ ሰው ይህን አይቶ «ምን ያህል ቢመነጠር ነው!» ብሎ ያዝናል። ሐዘኑ ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃው ግን ያው የትምህርት ቤቱ ዓረፍተ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1900 የኢትዮጵያን ደን የለካ አልነበረም። የአየር ፎቶግራፍ የለም፣ የደን መሥሪያ ቤት የለም፣ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍልም ገና በካርታ አልተነሣም። ተመራማሪዎች ዛሬ ለማነጻጸሪያ የሚጠቀሙባቸው ቀደምት የአየር ፎቶግራፎች በአመዛኙ የ1950ዎቹ መጨረሻ ናቸው። ይሁንና አኃዙ ከአንድ ሪፖርት ወደ ሌላው እየተገለበጠ፣ ከ1977ቱ ረኀብ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የደጋው አገር መልሶ ማልማት ጥናት ዘመን የማይጠረጠር እውነት ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካዊው አል ጎር በመጽሐፋቸው ከ40 ወደ 1 ከመቶ የወረደው በአራት አሥርት ዓመታት ውስጥ ነው ብለው ጻፉ። መቶ ዓመቱ አርባ ሆነ ማለት ነው! የታሪክ ምሁሩ ጄምስ መካን እ.ኤ.አ. በ1997 የዚህን ትረካ ሥር ተከታትሎ በማጥናት በቂ ማስረጃ እንደሌለው አሳየ። በተከታዩ ዓመት ዶናልድ ክረሚ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ወሎ ውስጥ ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ይዞ ያንኑ ቦታ መልሶ ቢያነሣ፣ የዛፉ ብዛት ጨምሮ እንጂ ቀንሶ አላገኘውም።

ይህን ስል ደን አልጠፋም እያልሁ አይደለም። ጎጃም ውስጥ ደምበጫ አካባቢ የተጠና አንድ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1957 ከነበረው 27 ከመቶ የተፈጥሮ ደን በ1995 የቀረው 0.3 ከመቶ ብቻ ነው። እዚያው ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ በጨሞጋ ተፋሰስ የተደረገው ጥናት ደግሞ በተቀራራቢ ዘመን የዛፍ ሽፋኑ መጨመሩን አገኘ፤ ምክንያቱም ገበሬው የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። በአንድ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ታሪክ! አገር አቀፉ አኃዝ ሁለቱንም ጨፍልቆ አንድ ፍርድ ይሰጣል።

ወደ አንዲት ጽድ ልመለስ፤ ሥፍራዋ ከስሟ በላይ ቁም ነገር አላት። እ.ኤ.አ. በ1982 በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ የሚደገፈው የአፈር ጥበቃ ምርምር እዚያ ጣቢያ ከፍቶ፣ ከማሳ ላይ የሚታጠበውን አፈር በየዝናቡ መመዘን ጀመረ። የ1986ቱ ትልቅ ጥናት ከሚታረስ መሬት በዓመት በሄክታር በአማካይ 130 ቶን አፈር ይታጠባል ብሎ ነበር። በአንዲት ጽድና በመሰሎቿ ጣቢያዎች ልኬት ላይ የተመሠረተው የሐንስ ሁርኒ ስሌት ግን 42 ቶን ገደማ ሆነ። 42 ቶንም ከባድ ጥፋት ነው። ነገር ግን ሦስት እጥፍ የተጋነነ ሥጋት ሦስት እጥፍ የተቻኮለ መፍትሔ ይወልዳል።

የወለደውንም አይተናል። በደርግ ዘመን የእርዳታ እህልና ዘይት እየተሰፈረ ኮረብታ ተከለለ፣ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ። የግጦሽ መሬቱ የተዘጋበትን ገበሬ ግን ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም። በ1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፣ በ1983 ሥርዓቱ ወደቀ፤ ያ ሁሉ የወል ደን በብዙ ቦታ በሳምንታት ውስጥ ተጨፈጨፈ። «ገበሬው የደን ጠላት ነው» ለሚሉት ይህ ተጨማሪ ማስረጃ ሆነላቸው። እኔ እንደማየው ግን የተጨፈጨፈው የማንም ያልነበረ ደን ነው።

የራሱ የሆነውንስ እንዴት ይጠብቅ ነበር? መልሱ ከሞላሌ በስተሰሜን፣ በመንዝ ጌራ ይገኛል። የጓሳ ሣር የበቀለበት፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚገመተው አምባ ከአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ እንደነበር ይነገራል (አንባቢ የቃሉን የቅርብ ጊዜ የፖለቲካ ትርጉም ለጊዜው ይተውልኝ)። ባለመብቶቹ ከሁለቱ አቅኚ አባቶች፣ ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ናቸው። ሣሩ ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ቀን ገብቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል፤ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። ዛሬ በውድ አማካሪ የሚሠራው «የመረጃ ጥራት» የሚባለው ነገር እዚያ ያለ ወረቀት ነበር። ወሰኑ የታወቀ ነው፣ ባለመብቱ የታወቀ ነው፣ የተዘጋበትም ቀን የታወቀ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ የሚገኙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሥርዓቱን ግን ገነት አድርጌ አልሥለውም። ዘር መቁጠር ያልቻለ ከደጅ ይቀር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ ቄሮ የቆመበት የርስት መሠረት ተነቀለ፤ እስከዚያ የተከለከሉትም መብት አገኙ። ፍትሕ ነበር። ጠባቂ ያጣው ሣር ግን ተጎዳ። ኋላ ነዋሪው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ጓሳ በክልሉ ደንብ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ዕውቅና አገኘ።

በዚህ አገር ማሳ መለካት የዋህ ሥራ ሆኖ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲያምፅ ገበሬው የፈራው ግብሩን ብቻ ሳይሆን ገማቹንና ለኪውንም ነበር፤ የተለካ ርስት የሚወሰድ ርስት መስሎት ነበርና። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲሸነሸን ሰሜን ሸዋ አንዱ ነበር፤ «ቢሮክራሲ» የሚል ስም የተለጠፈበት ገበሬ ይዞታው አንድ ሄክታር ላይ እንዲቆም ተደረገ። መረጃው የተሰበሰበው በስብሰባና በግምገማ ነው። ከዚያ ወዲህ ይዞታ በደብተር መመዝገብ ሲጀመር በመጀመሪያው ዙር ካርታ አልነበረም፤ በገመድ ተለክቶ በአራቱ ማዕዘን ያሉት አዋሳኞች ስም ይጻፋል። ይህን የሚንቁ ባለሙያዎች አሉ። ጎረቤት ግን ምስክር ነው፤ ሳተላይት ምስክር ለመሆን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ትርጓሜውም ራሱ ተለዋዋጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጠናቀቀ ጥናት የአገሪቱን ደን 4 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ፣ ማለትም 3.6 ከመቶ አደረገው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2010 ባወጣው 11 ከመቶ ሆነ። በ2015 መንግሥት የደንን ትርጓሜ ወደ 2 ሜትር ቁመትና 20 ከመቶ የቅጠል ጥላ ሲለውጠው 15.5 ከመቶ ደረሰ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አገሪቱ በየዓመቱ 92 ሺህ ሄክታር ደን ታጣ እንደነበር ያው መንግሥት ለዓለም አስታውቋል። ደን እያጣን ደናችን በአራት እጥፍ አደገ!

አሁን ደግሞ ሒሳቡን የሚጠይቀን ብራስልስ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ሁለት ጊዜ ተራዝሞ በትልልቆቹ ኩባንያዎች ላይ ሥራ የሚጀምረው በ2026 መጨረሻ ነው። ኢትዮጵያ «መደበኛ ሥጋት» ካለባቸው አገሮች ተመድባለች። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ የቡና ማሳ ዙሪያ ወሰኑ መነሣት አለበት፤ ከዚያ በታች ለሆነው፣ ማለትም ለአብዛኛው የእኛ ገበሬ፣ አንድ ነጥብ ይበቃል። ነጥቡ ከአሥርዮሽ በኋላ ስድስት አኃዝ እንዲኖረው ይፈለጋል፤ ይህ በአሥር ሳንቲ ሜትር ደረጃ ማለት ነው። መዝጋቢው የሚይዘው ስልክ ግን በሜትሮች ይስታል፤ በዛፍ ጥላ ሥር ደግሞ ይብሱን። ስለዚህ የገበሬው ነጥብ ጎረቤቱ ደን ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። በከፋና በኢሉባቦር ቡናው ራሱ ከዛፍ ሥር ነው፤ ከሰማይ ሲታይ ማሳው ደን ይመስላል። ገበሬው ያረጀ ቡናውን ጎንድሎ ጥላውን ሲያሳሳ ሳተላይቱ ምንጣሮ ብሎ ሊመዘግብ ይችላል።

ጉዳዩ መንዝን አይነካም የሚል አንባቢ ካለ፣ ቡና አለመብቀሉ እውነት ነው፤ በግና ገብስም በሕጉ ዝርዝር ውስጥ አልገቡም። የበሬ ቆዳና እንጨት ግን ገብተዋል። የሞላሌ ገበሬ በገብስ ማሳው ላይ የተከለውን ባሕር ዛፍ ሸጦ ማሳውን ወደ ገብስ ቢመልሰው፣ ከሰማይ ለሚያይ ዓይን ያ ሰው ደን መንጣሪ ነው።

ሕጉን በጅምላ አልቃወምም። የአርባ ከመቶው ትረካ ገበሬውን የከሰሰው ማሳውን ሳያይ ነበር፤ ይህ ሕግ ቢያንስ ማሳው የት እንደሆነ ይጠይቃል። በትክክል የተነሣ ነጥብ ንጹሑን ገበሬ ከጅምላ ክስ ያወጣዋል። የሚያሳስበኝ ነጥቡ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ላኪው ይመዘግበዋል፣ ዩኒየኑ ይመዘግበዋል፣ ገዢው ይረከበዋል። የመሬት ደብተር ቢያንስ በገበሬው ሣጥን ውስጥ ነው፤ አዋሳኝ ሲገፋበት አውጥቶ ለሽማግሌ ያሳያል። ነጥቡ ሲሳሳትበት ግን ምን አውጥቶ ለማን ያሳይ? የቡና አስተዳደራችን የመረጃ ቋት ከመገንባቱ ጋር፣ የተመዘገበለትን ነጥብና ካርታ ቅጂ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በከፍኛ አትሞ ለእያንዳንዱ ባለማሳ እንዲሰጥ፣ ስሕተት ሲገኝም በቀበሌው ደረጃ፣ አዋሳኞች ባሉበት የሚታረምበትን ደንብ እንዲያወጣ ያስፈልጋል።