ሕፃን በደገኛው ቤት፤ ከልደት እስከ ሰባት ዓመት

የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ስለ ዘመቻና ስለ ግብር፣ ስለ ሹመትና ስለ ሽረት፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናትም መተከል ብዙ ይናገራል። በገበሬው ቤት፣ በምድጃው ዙሪያና በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ስላደገው ሕፃን ግን የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። ይህም የሆነው ነገሩ ከቁም ነገር ስላልተቈጠረ ብቻ አይደለም፤ ሕፃንን ማሳደግ የሴቶች ሥራ ስለ ነበረና ሴቶችም ዕውቀታቸውን በቃልና በእጅ እንጂ በብራና ስላላስተላለፉት ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ ለመመርመር የሚሻ ሰው ምስክሮቹን ከሌላ ስፍራ መፈለግ ይገባዋል፤ እነርሱም ስሞች፣ የቤት ዕቃዎች፣ ምሳሌያዊ ንግግሮችና በየዕድሜው ደረጃ የሚፈጸሙት ልማዶች ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሸዋ ደጋ በሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ክርስቲያን ገበሬ ቤት፣ ከ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ስለ ነበረው ልማድ ነው። ልማዱ ከአገር አገር ጥቂት ጥቂት ቢለያይም ጠቅላላ አካሄዱ ተቀራራቢ ነው። አንድ በአንድ ሲታይ የተበታተነ ይመስላል፤ በአንድነት ሲመረመር ግን አብዛኛው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የቆመ ሆኖ ይገኛል። ጥያቄውም «ይህ ልጅ ይቆይልን ይሆን?» የሚል ነው።

1. የአራስ ቤት

ምጥ በጀመረ ጊዜ ወንዶቹ ከቤት ይወጣሉ፤ ጎረቤት ሴቶችም ከልምድ አዋላጇ ጋር ተሰብስበው የእመቤታችንን ስም እየጠሩ ይማልዳሉ። ልጁ በተወለደ ጊዜ እልልታ ይሰማል፤ ቍጥሩ በየአገሩ ቢለያይም ለወንድ የሚበዛ፣ ለሴት የሚያንስ ስለ ሆነ፣ በደጅ የሚጠባበቀው አባት የተወለደው ምን እንደ ሆነ ሳይነገረው ያውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ገንፎ ይገነፋል፤ ጠያቂዎቹም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ይገባሉ። በዚህ ሰላምታ ውስጥ ከደስታው ቃል የምሕረቱ ቃል መቅደሙ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የወለደችው ሴት ከሞት አፋፍ እንደ ተመለሰች ትቈጠር ነበርና።

አራሷ ብቻዋን አትተውም። በራስጌዋ ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት ይቀመጣል፤ ልጁም ከእንግዳ ዓይን ይሸፈናል። ወንድ የወለደች እስከ 40 ቀን፣ ሴት የወለደች እስከ 80 ቀን ድረስ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ይህም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ከተጻፈው ቍጥር ጋር የሚስማማ ነው። ሥርዓቱ ስለ መንጻት የተነገረ ቢሆንም በቤት ውስጥ ሌላ ጥቅም ነበረው፤ ዓመቱን ሙሉ ወፍጮና እንስራ ከእጇ የማይለየው ሴት በእነዚያ ቀኖች ከከባድ ሥራ ዐርፋ፣ በሌሎች ሴቶች እጅ እየተመገበች፣ ልጇን ታጠባ ነበር።

በዚያው ቤት ግን ጉዳት የሚያመጣም ልማድ ነበረ። አንጀቱ እንዲለሰልስ ተብሎ ለተወለደው ሕፃን ቅቤ ይዋጥለታል፤ የእናቲቱም እንገር ንጹሕ ወተት አይደለም ተብሎ በብዙ ስፍራ ይፈስስ ነበር። ወንድ ልጅ በ8ኛው ቀን ይገረዛል፤ በብዙ አገር ሴቶች ልጆችም ይገረዙ ነበር። ልጁ ጉሮሮው ባበጠ ወይም ትኵሳት በያዘው ጊዜ ወጌሻ ተጠርቶ እንጥሉን ይቈርጣል፤ ተቅማጥ የያዘው እንደ ሆነም ከድዱ ውስጥ ገና ያልበቀለው የወተት ጥርስ ይነቀላል። ይህን ሁሉ ያደረጉት ወላጆች ጨካኞች ስለ ሆኑ አልነበረም፤ ልጁ ሲሞት ቁጭ ብሎ ከማየት አንዳች ነገር ማድረግ ይሻላል ብለው ስላሰቡ ነው።

2. ጥምቀትና ስም

ወንዱ በ40ኛው፣ ሴቲቱ በ80ኛው ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ሕፃኑ ለሞት ያሰጋ እንደ ሆነ ግን ቀኑ ሳይደርስ እንዲጠመቅ ሥርዓቱ ይፈቅዳል፤ ሌሊት በቄስ ደጅ የሚቆም አባት የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነበር። ወንዱ የክርስትና አባት፣ ሴቲቱ የክርስትና እናት ይቆምላቸዋል፤ ይህም ዝምድና እንደ ሥጋ ዝምድና ስለሚቈጠር ጋብቻን ይከለክላል። ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ በዚህ መንገድ ሌላ መጠጊያ ነበረው። በአንገቱም ማተብ ይታሰርለታል።

ካህኑ የሚሰጠው የክርስትና ስም፣ ገብረ ወይም ወልደ፣ ወለተ ወይም ሥርጉተ የሚለው፣ ለቍርባንና ለፍትሐት ይጠበቃል እንጂ በአደባባይ አይጠራም፤ ክፉ የሚያስብ ሰው ስሙን ይዞ መድኃኒት እንዳያደርግበት ይፈራ ነበርና። በየቀኑ የሚጠራበትን ስም የምታወጣው እናቲቱ ወይም አያቲቱ ናት። ለታሪክ መርማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ይህ የቤት ስም ነው።

አንዳንዱ ስም የልጁን ሳይሆን ከእርሱ በፊት የሞተውን ልጅ ወይም ዘመድ ታሪክ ይናገራልና። ካሣ ማለት ስለ ጠፋው የተከፈለ ነው፤ ምትኩና ተካልኝ በሞተው ስፍራ የቆመ ነው፤ ማስረሻ ኀዘንን የሚያስረሳ ነው። ሌሎቹ ስሞች ደግሞ ወደ ፊት የሚመለከቱ ልመናዎች ናቸው፤ ኑርልኝ፣ ቆየ፣ ያረጋል የሚሉት እንዲህ ያሉ ናቸው። ሞትባይኖር የሚለው ግን ልመናም ምስጋናም አይደለም፤ ሳይፈጸም የቀረ ዐረፍተ ነገር ነው። በመቃብር ላይ የተጻፈ ድንጋይ በማይቆምበት የገጠር አገር የሞተው ሕፃን መታሰቢያ ሕያው ወንድሙ ነበረ፤ በስሙ በተጠራ ቍጥር ያ ያለፈው ይታሰባል። የስሞቹም አገልግሎት በገበሬው ቤት ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ይባሉ ነበር።

ልጁ ሲያድግና ሲያምር ሰው አያሞግሰውም። ያሞገሰው እንደ ሆነ «ከዓይን ያውጣው» ብሎ እንትፍ ማለት ይገባዋል። ጠጕሩ ሲላጭ በመካከል ቁንጮ ይተውለታል፤ ስለዚህም ሲነገር ልጁ የሞተ እንደ ሆነ መልአክ በቁንጮው ይዞ ወደ ገነት ያወጣዋል ይባል ነበር። ለሕፃኑ ጌጥ የሆነው ነገር እንኳ ስለ ሞቱ የታሰበበት እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል።

3. አንቀልባና እንስራ

ከክርስትናው በኋላ የሕፃኑ ቤት አንቀልባ ነው። አንቀልባ ለፍቶ ከለሰለሰ ቆዳ የሚሰፋ ማዘያ ሲሆን፣ ባለ አቅም የሆነች እናት በዛጎልና በጨሌ ታስጌጠዋለች። እናቲቱ ልጇን በዚህ አዝላ ትፈጫለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ገበያም ትሄዳለች። በየጥቂቱም ወደ ፊት መልሳ ታጠባዋለች፤ ለጡት የተወሰነ ሰዓት አልነበረም። ማታ በምድጃው አጠገብ እርግብግቢቱን ቅቤ ትቀባዋለች፤ እጅና እግሩንም እያሸች ታፍታታዋለች፤ እሹሩሩ እያለችም ታስተኛዋለች።

ነገር ግን አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም ልጅ ታዝሎ ሊሠራ የማይቻል ነው። እንስራ የሚታዘለው በጀርባ ስለ ሆነ፣ እናቲቱ ወንዝ በወረደች ጊዜ ሕፃኑን ለሌላ መስጠት ግድ ይሆንባታል። የምትቀበላትም አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሆናት ታላቅ እኅቱ ነበረች። ስለዚህ የደገኛው ቤት ሁለተኛይቱ ሞግዚት ራስዋ ገና ልጅ ናት፤ የሴት ልጅም የሥራ ዘመን ከወንድሟ ቀድሞ የሚጀመረው በዚህ ነው።

ልጁ ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ ወይም እናቱ ሌላ ያረገዘች እንደ ሆነ ጡት ይጥላል። እናቲቱ ጡቷን እሬት ትቀባለች፤ ልጁ ቀምሶ ይመለሳል። አልለቅም ያለውን ልጅ ወደ አያቱ ቤት መላክ የተለመደ ነበር። ይህ ጊዜ ለልጁ አደገኛ ነበረ፤ ከእናት ወተት ወደ ሽሮና እንጀራ በድንገት መሻገሩ ብዙዎችን አክስቷል። አያት ቤት የሄደውም ልጅ አንዳንዱ በዚያው ያድጋል፤ እናትና አባቱም እንደ ተወሰደባቸው አይቈጥሩትም፤ ልጅ የቤተ ዘመዱ ሁሉ ነበረና።

ይኸው ልማድ በመሳፍንቱም ቤት ይሠራበት ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ ሲወለዱ፣ ወላጆቻቸው ከእርሳቸው በፊት ብዙ ሕፃናት ሞተውባቸው ነበር። እናታቸው ወይዘሮ የሺመቤት በ1886 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ልጁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም ነበርና፣ በዘመድ ቤት ከልጅ እምሩ ጋር አብረው አደጉ። ኋላ ሁለቱ በወንድማማችነት መተያየታቸው ከዚህ የተገኘ ነው።

4. ነፍስ እስኪያውቅ

ከአራት ዓመት ወዲያ ልጁ ሥርዓት ይማራል። አዋቂዎች ሲበሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ውሃ ያስታጥባል፤ በአባቱ ፊት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እስከዚያ ድረስ በጭንና በጀርባ ላይ የኖረው ሕፃን በድንገት ወደ ዳር መውጣቱን በመንዝ ገበሬዎች መካከል የተመራመረው ዶናልድ ሌቪንም በ1965 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲጽፍ ልብ ካላቸው ነገሮች አንዱ ነው። ወንዱ ጥጃና ግልገል ይጠብቃል፤ ሴቲቱ ውሃ ትቀዳለች፣ ጥጥ ትፈለቅቃለች። ጥቂቶቹ ወንዶች ከየኔታ ዘንድ ተልከው ፊደል ይቈጥራሉ።

ልጁ ሰባት ዓመት ሲሆነው ጾም ይጀምራል፤ «ነፍስ ዐወቀ» ይባላል። ይህ አነጋገር ከፍ ብሎ ከተነገረው ሁሉ ጋር ሲታይ ትርጓሜው ይበልጥ ይገለጣል። ሰባት ዓመት የደረሰው ልጅ ክፉና ደጉን መለየት ብቻ ሳይሆን፣ ከብዙ ጓደኞቹ ተለይቶ የቀረ ነው። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውም ምሳሌ የቸልተኛ ወላጅ ቃል አይደለም፤ የሚቻለውን ሁሉ አድርጎ የቀረውን ለእግዚአብሔር የተወ ሰው ቃል ነው።

5. ከክታብ ወደ ክትባት

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የደረሰው ክፉ ቀን ከብቱን በፈጀ ጊዜ የሕፃናቱም ወተትና ቅቤ አብሮ ጠፋ። ፈንጣጣና ኩፍኝ በየጊዜው እየተመላለሱ ቤቱን ያራቁቱት ነበር። ወላጆች በልጁ አንገት ክታብ ያንጠለጥሉለት ነበር፤ ክታብ «ከተበ»፣ ማለት ጻፈ፣ ከሚለው የወጣ ነው። ሐኪሞቹ በክንድ ላይ የሚያደርጉት ነገር በመጣ ጊዜም ሕዝቡ ከዚያው ሥር «ክትባት» ብሎ ሰየመው። አዲሱ ነገር በአሮጌው ስም መጠራቱ፣ እናቶች ሁለቱን ሥራዎች ለአንድ ጕዳይ እንደ ቆሙ አድርገው እንዳዩአቸው ያመለክታል።

ፈንጣጣን ለማጥፋት በ1963 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ በኢትዮጵያ የመጨረሻውን ሕመምተኛ ያገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በ1972 ዓ.ም. የሕፃናት የክትባት ፕሮግራም፣ በ1990ዎቹም የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ተጀመረ። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱት 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳየ፤ ይኸውም ከስድስት አንድ መሆኑ ነው። ቍጥሩ በ2008 ዓ.ም. ወደ 67፣ በ2011 ዓ.ም. ወደ 59 ወረደ። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግም የሴት ልጅ ግርዛትንና ሌሎች ጎጂ ልማዶችን ከለከለ።

እንግዲህ ፍርሃቱ ሲቀንስ ልማዱ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ይገባል። በዚህ ረገድ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ በ2011 ዓ.ም. ጥናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከሞቱት ልጆች ከግማሽ የማያንሱት የሞቱት ገና በተወለዱበት ወር ውስጥ ነበር። አሮጌው ቤት ለሕፃኑ ጥበቃውን ሁሉ የሰበሰበው በእነዚያው በመጀመሪያዎቹ አርባ ቀኖች ነው። አደጋው ከየት እንደሚመጣ በትክክል ባያውቅም፣ መቼ እንደሚመጣ ግን ያውቅ ነበር። ብረቱ ከራስጌ ቢነሣ ልጁ አይጎዳም፤ ቅቤው ከአፉ ቢቀር ይጠቀማል፤ እንገሩም ሳይፈስ ቢጠጣው ይበረታል። አራሷን ብቻዋን አለመተው፣ ከወፍጮና ከእንስራ ማሳረፍ፣ የጎረቤት ሴቶችም ተራ ገብተው መመገባቸው ግን ከፍርሃቱ ጋር አብሮ ሊጣል የሚገባው አይደለም። የሰፈሩ ሴቶች በማይተዋወቁበት ከተማ፣ በኪራይ ቤት፣ ብቻዋን የምታርስ ሴት የጎደላት ይህ ነው።

ስለዚህ የሕፃን አስተዳደግን ልማድ የሚመዘግብ ሰው ልማዱ ምን እንደ ነበረ ጽፎ ቢያቆም ሥራው ግማሽ ይሆናል። እያንዳንዱ ልማድ የቆመው ለየትኛው ፍርሃት እንደ ነበረ፣ የማንንም ድካም ያቀለለ እንደ ነበረ አያቶችን መጠየቅ ያስፈልገዋል። ማስረሻ የሚለውን ስም ለልጃቸው ያወጡት ሴቶች ያስረሳውን ልጅ ስም ጭምር ያውቃሉ፤ ይህም በእነርሱ ዘንድ ብቻ የሚገኝ መዝገብ ነው።