የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ሥራቸውን ለምን ይወዱታል? ለምንስ ይለቃሉ?

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለ60 ሺህ ሰዎች የሥራ ዕድል ይፈጥራል ተብሎ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላም 25 ሺህ ያህል ሠራተኞች ገቡበት። ይሁን እንጂ ፋብሪካዎቹን የፈተናቸው ሠራተኛ መቅጠር ሳይሆን የቀጠሩትን ማቆየት ነበር።

በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በፓርኩ ያሉ ፋብሪካዎች በአማካይ በ12 ወራት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን ሙሉ በሙሉ በአዲስ ይተኩ ነበር። ሥራ ፈላጊ ወጣት በበዛበት አገር የተገኘ ሥራ ለምን ይለቀቃል? መልሱ ሠራተኞቹ በሥራቸው ከሚወዱትና ከሚያማርራቸው ነገር ይገኛል።

ፓርኩና ሠራተኞቹ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሐዋሳ የተገነባው ይህ ፓርክ በዋናነት ልብስ እየሰፋ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ ያቀርባል። ግንባታውን ያከናወነው የቻይና ኩባንያ ሲሆን፣ አልሚዎቹ የእስያ አገራትን ጨምሮ ከተለያዩ የዓለም ክፍሎች የመጡ ናቸው።

አብዛኞቹ ሠራተኞች ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከአጎራባች አካባቢዎች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ለብዙዎቹ ይህ በሕይወታቸው የመጀመሪያው የደመወዝ ሥራ ነው።

የሚወዱት ምንድን ነው?

ከሁሉ በፊት የሚነሳው ቀኑን ጠብቆ የሚከፈል ደመወዝ ነው። የቀን ሥራ ዛሬ ቢገኝ ነገ ላይገኝ ይችላል፤ ጉሊትም ገበያው ሲቀዘቅዝ ባዶ እጅ ያስገባል። የወር ደመወዝ ግን መጠኑ ቢያንስም የሚታወቅ ነው። ዕቁብ ለመግባት፣ ለወላጅ ለመላክ ወይም ታናሽ ወንድምና እህትን ለማስተማር የሚያስችል እርግጠኝነት ይሰጣል።

ሁለተኛው የሕግ ከለላ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይሸፈናል። በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ፣ ለወላድ ደግሞ በጠቅላላው 120 ቀናት ከክፍያ ጋር ይፈቀዳል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ወጣት የዚህ አዋጅ ተጠቃሚ አይደለችም። ትምህርቷን ላቋረጠች የገጠር ልጅ ደግሞ ከፋብሪካው ሌላ የሚቀርባት አማራጭ ብዙውን ጊዜ የቤት ሠራተኝነት ወይም ወደ ዓረብ አገራት መሰደድ ነው።

ሦስተኛው ሙያና ነጻነት ነው። የስፌት መኪና መቆጣጠር መማር፣ በራስ ስም የባንክ ደብተር ማውጣት፣ ከባልንጀሮች ጋር ቤት ተከራይቶ መኖርና ሲመች የማታ ትምህርት መቀጠል በገንዘብ ብቻ የሚተመኑ አይደሉም። ፋብሪካዎች የሚያቀርቡት ምሳና ሰርቪስም ቢሆን፣ ለዝቅተኛ ተከፋይ ከደመወዙ የማይተናነስ ድጋፍ ነው።

የሚያማርራቸውስ?

ቀዳሚው ቅሬታ ክፍያው ነው። በተጠቀሰው ጥናት መሠረት በ2011 ዓ.ም. የመነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ለንጽጽር፣ የባንግላዲሽ 95፣ የኬንያ ደግሞ 207 ዶላር እንደነበር ጥናቱ አስፍሯል። ይህም ኢትዮጵያን ልብስ አምርተው ወደ ውጭ ከሚልኩ አገራት ሁሉ ዝቅተኛ ከፋይ አድርጓታል።

ገጠር ሆነው ሲያስቡት በቂ የሚመስለው ገንዘብ ከተማ ሲገቡ በቤት ኪራይና በምግብ ያልቃል። አንዲትን ጠባብ ክፍል ለሦስትና ለአራት መከራየት የተለመደ የሆነውም ለዚህ ነው። ለቤተሰብ ሊልኩ የመጡ ልጆች አንዳንድ ጊዜ ከቤተሰብ እህል ለማስላክ ይገደዳሉ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቷል። ምርቱን ወደ ውጭ የሚሸጥ ድርጅት የሚያገኘው ዶላር ሲመነዘር ብዙ ብር ያስገኝለታል። ደመወዙን በብር የሚቀበለው ሠራተኛ ግን የሚገጥመው የናረ የገበያ ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ የሥራው ጫና ነው። በስፌት መስመር ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ክፍል ብቻ ይሠራል፤ አንዱ ኪስ፣ ሌላው አንገትጌ ይሰፋል። አንዷ ከዘገየች መስመሩ ሁሉ ይዘገያል። በሰዓት የሚጠበቀው ቁጥር ካልተሟላ የአለቃ ቁጣ ይከተላል። ብዙ ፋብሪካዎች ለማይቀሩ ሠራተኞች ተጨማሪ ክፍያ ስለሚሰጡም፣ በሕመም ወይም በለቅሶ ምክንያት አንድ ቀን መቅረት የወሩን ጥቅም ሊያሳጣ ይችላል።

በዚህ ላይ የቋንቋና የልማድ ልዩነት አለ። በፓርኩ መጀመሪያ ዓመታት ብዙዎቹ የመስመር ኃላፊዎች ከውጭ የመጡ ነበሩ። ማሳሰቢያው ጩኸት፣ ዝምታው ንቀት መስሎ የሚታይበት አጋጣሚ ጥቂት አልነበረም። ሥራ አምሽተው ሲወጡ በጨለማ ወደ ቤት መጓዝም ለሴቶች ሌላው ስጋት ነው።

ተመራማሪዎች ምን አገኙ?

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ሥራ ያመለከቱ አንድ ሺህ ገደማ ሰዎችን በዕጣ በሦስት ከፍለው ተከታትለዋል። አንደኛው ቡድን የፋብሪካ ሥራ፣ ሁለተኛው 300 ዶላርና የንግድ ሥልጠና አገኘ፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም።

የፋብሪካ ሥራ ካገኙት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ለቀቁ። ገቢያቸው ከሌሎቹ አልበለጠም፤ ከባድ የጤና እክል የገጠማቸው ሰዎች ቁጥር ግን ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ገንዘብ የተሰጣቸው ገቢያቸው በ33 በመቶ ቢያድግም፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በተደረገ ክትትል በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ተገኝቷል።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር ለብዙዎች ፋብሪካ የዕድሜ ልክ ሙያ ሳይሆን በችግር ቀን የሚጠጉበት ጥላ መሆኑ ነው። የተሻለ ሲገኝ ይለቀቃል።

ሕጉ ምን ይላል?

• መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም።

• የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያውም በቀን ሲሆን የመደበኛው አንድ ተኩል፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሲሆን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው።

• አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል።

• የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በፈቃዱ መልቀቅ ይችላል።

አዋጁ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም የወለሉን መጠን ራሱ አልወሰነም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ለዓመታት ሲወተውት የቆየውም ይህ ወለል እንዲወሰንና ሠራተኞች በኢንዱስትሪ ፓርኮች ውስጥ ያለ ተጽዕኖ እንዲደራጁ ነው።

በጎረቤት ኬንያ መንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝን በትዕዛዝ ይወስናል። በናይሮቢ አቅራቢያ በአቲ ሪቨር ያሉ የልብስ ፋብሪካዎችም ከሐዋሳ በብዙ እጥፍ እየከፈሉ ምርታቸውን ወደ አሜሪካ ሲልኩ ቆይተዋል። ይህም ርካሽ ጉልበት ብቻውን ለተወዳዳሪነት ዋስትና እንዳልሆነ ያሳያል።

ሥራው ሲጠፋስ?

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች በሐዋሳ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። አሜሪካም በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ኢትዮጵያን እ.አ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል አገደች። ትዕዛዝ ሲቀንስ ሥራም ቀነሰ።

በክፍያው ሲያማርሩ ለነበሩ ሠራተኞች ይህ እፎይታ አልነበረም፤ ያነሰውም ደመወዝ ቀረ። ቅሬታቸው በፋብሪካው መኖር ላይ ሳይሆን በሚከፍለው ገንዘብና ሠራተኛውን በሚይዝበት መንገድ ላይ ነበር። አሠሪዎችም ቢሆኑ አንዲት ሠራተኛ በለቀቀች ቁጥር ያሠለጠኑበትን ጊዜና ገንዘብ ያጣሉ። ማኅበር በሌለበትና የደመወዝ ወለል ባልተበጀበት ቦታ፣ ለሠራተኛው የቀረው የመደራደሪያ መንገድ ትቶ መሄድ ብቻ ነው።